ጦስኙን አስቀምጪውና ልጁን አሳዪኝ

ቆይ፣ ቆይ። እጅሽን ሰብስቢ። ገና አልቀባሽውም አይደል? ከበሩ ስገባ የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ነው የተቀበለኝ፤ ሙቀጫው ውስጥ ደግሞ ጦስኝ አየሁ። ልጁን ወደ ብርሃን አዙሪልኝ እስቲ። እዚህ ጋ፣ ከጆሮው በላይ። ክብ ነው፣ ቅርፊት አለው፣ ፀጉሩ ከሥሩ ተሰብሮ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ቀርቷል። ሌላም አለ፣ ከኋላ፣ ወደ ማጅራቱ ጋ። ይሄኛውን አላየሽውም? አትደንግጪ፤ ጭርት ይመስላል፣ እናታችን ላሽ ትለው የነበረው። አይገድለውም። ግን በዚህ ሙቀጫ ውስጥ ባለው ነገር አይድንም፤ ነጭ ሽንኩርቱማ ጭራሽ ያቃጥለዋል።

ልትይኝ የፈለግሽውን ዐውቀዋለሁ። «እትዬ፣ ጦስኝ እኮ ፈንገስ ይገድላል፤ ተጠንቷል።» አዎ፣ ተጠንቷል። እኔም ልነቅፈው አልመጣሁም። ጦስኝን ስለማከብረው ነው ያለቦታው ሲገባ የሚቆጨኝ። ተቀመጪ። ልጁም ይሂድና ይጫወት፤ ኮፍያውን ግን ለማንም እንዳያውስ፣ የማንንም እንዳያጠልቅ።

ይህ በእጅሽ ያለው ቅጠል ተራ ነገር አይደለም። ፈረንጆቹ ታይም የሚሉት ዘመዱ ነው፤ የእኛዎቹ ግን የዕፅዋት ሊቃውንት አገር በቀል ብለው የመዘገቧቸው ናቸው። አንደኛው ታይመስ ሺምፔሪ ይባላል፣ በ19ኛው መቶ ዘመን አድዋ ተቀምጦ ዕፅዋታችንን ሲሰበስብ በኖረው በጀርመናዊው በሺምፐር ስም። ደጋ ነው አገሩ። መንዝ ጓሳ ላይ፣ ሰሜን ተራሮች ላይ፣ ባሌ ዲንሾ ድረስ፣ ብርዱ ሌላውን ቅጠል በሚያሳንስበት መሬት ላይ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ይበቅላል። እኛ እዚህ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የምናገኘው ደርቆ፣ በጆንያ ተጭኖ መርካቶ ከገባ በኋላ ነው። እንደዚያም ሆኖ ስታሺው ሽታው ቤቱን ይሞላዋል።

ሥራውን የሚሠራው ያ ሽታ ነው። በዘይቱ ውስጥ ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ፤ እንደበቀለበት ቦታ አንዱ ጋ ቲሞሉ ይበዛል፣ ሌላው ጋ ካርቫክሮሉ። ቲሞል አዲስ ነገር አይደለም። ካስፓር ኖይማን የተባለ የጀርመን ፋርማሲስት እ.ኤ.አ. በ1719 ከፈረንጁ ጦስኝ ለይቶ አውጥቶታል፤ እስከ ዛሬ በአፍ መጉመጥመጫ መድኃኒት ውስጥ ይገባል። የፈንገስ ሕዋስ እንደ ግድግዳ የሚከልለው ስስ የቅባት ሽፋን አለው፤ ቲሞል ቅባት ወዳድ ስለሆነ እዚያ ሽፋን ውስጥ ሰርጎ ይገባና ይበሳሳዋል። ውስጡ ያለው ይፈስሳል፣ ሕዋሱ ይሞታል።

ላብራቶሪ ውስጥ እንዲህ ነው የሚያዩት። ክብ ሳህን ላይ ፈንገስ ይዘራሉ። መሃሉ ላይ ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጥ፣ ዘይቱ የተነከረች ወረቀት ያስቀምጣሉ። ቀን ቆጥረው ሲመለሱ ሳህኑ ሁሉ በሻጋታ ተሸፍኖ በወረቀቷ ዙሪያ ብቻ ንጹሕ ቀለበት ይቀራል። ቀለበቱ በሰፋ ቁጥር ዘይቱ በረታ ይባላል። የጦስኝ ቀለበት ሰፊ ነው። ስልክሽ ላይ ያነበብሽው ይህን ነው፤ ውሸት የለበትም።

አሁን ያንን ሳህን ከልጅሽ ጭንቅላት ጋር አስተያዪው። ሳህኑ ላይ ፈንገሱ ገላውን አውጥቶ ተኝቷል፤ ዘይቱ በቀጥታ ያገኘዋል። ልጅሽ ላይ ግን ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ነው ያለው። ላዩ ላይ አላልኩሽም፣ ውስጡ። በአገራችን ልጆች ራስ ላይ አብዝቶ የሚገኘው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የሚባለው ነው፤ እሱ ፀጉሩን ሰርስሮ ይገባና ከቆዳው በታች እስከ ሥሩ ድረስ ይወርዳል። ፀጉሩ ቆዳው ጋ እየተሰበረ ጥቁር ነጥብ ሆኖ የሚቀረው ለዚህ ነው። ከላይ የቀባሽው እዚያ አይደርስም። ይህ የጦስኝ ድክመት ብቻ አይደለም፤ ፋርማሲ የሚሸጠው የክሎትሪማዞል ቅባትም ለራስ ጭርት አይበቃም። ቱቦውን ገዝተው ለአንድ ወር ሲቀቡ ቆይተው «መድኃኒቱ ውሸት ነው» ብለው የሚመለሱ እናቶች ፋርማሲ ቆሜ በሠራሁባቸው ዓመታት ስንት አይቻለሁ። መድኃኒቱ ውሸት አልነበረም፣ በሩን ስቶ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ሳህኑ ላይ የተነከረው ዘይት ነው፤ አንቺ ሙቀጫ ውስጥ ያለሽ ቅጠል ነው። ከአንድ ኪሎ የደረቀ ጦስኝ የሚወጣው ዘይት ከጥቂት የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። ይህን ጭብጥ ወቅጠሽ በውሃ ብትለውሺው ልጁ ራስ ላይ የሚያርፈው ከዚያ ጥቂቱ ነው። «እንግዲያው ዘይቱን ልግዛ» ደግሞ እንዳትይኝ። ንጹሑ ዘይት ሳይበረዝ የልጅ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ያቃጥላል። የፈንገሱን ሽፋን የሚበሳው ነገር የልጅሽን ቆዳ አይቶ አያልፈውም።

አንድ ነገር ልንገርሽና ከአእምሮሽ አይውጣ። እዚሁ ከተማችን ውስጥ፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ሕዝቡ ለቆዳ በሽታ የሚጠቀምባቸውን ዕፅዋት ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል። ከሰሴ ነበረበት፣ ያ የጠላ ጋን የሚታጠብበት፣ የኮሰረት የዱር ወንድም፤ በጀርሞች ላይ ጥሩ ከሠሩት አንዱ እሱ ነው። እንዶድ ነበረበት፣ ድግጣ ነበረበት። ምሬንዝም ነበረበት። ምሬንዝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አዳኞች በፍላጻ ጫፍ ይቀቡት የነበረ፣ ልብ የሚያቆም መርዝ ነው። ተመራማሪዎቹ ስሕተት አልሠሩም፤ ሕዝቡ የሚጠቀምበትን መፈተን ሥራቸው ነው። ነገር ግን ሳህን ላይ ጀርም የሚገድለውም፣ ልብ የሚያቆመውም በአንድ ዝርዝር ሊገኙ ይችላሉ። «ይገድላል» የሚለው ቃል «ያድናል» ማለት አይደለም።

ስለ ነጭ ሽንኩርቱም ልጨርስ። እሱም ሳህን ላይ ጎበዝ ነው። ግን ጥሬውን ወቅጦ ቆዳ ላይ አስሮ ማሳደር እንደ ፈላ ውሃ ቆዳ ይልጣል። አንዲት ልጅ እናቷ ግንባሯ ላይ አስራላት አድራ ጠዋት ፋርማሲያችን ስትመጣ ጭርቷ ያለበት ቦታ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ጭርቱ ዳነ ኋላ፣ በመድኃኒት። የቃጠሎው ምልክት ግን ቀረ። ያችን ልጅ ሳስብ ነው በሩን እንኳ ሳላንኳኳ ዘልዬ የገባሁብሽ።

እናታችንን አሳነስሽ እንዳትይኝ ደግሞ። የእሷ እጅ ነው ያሳደገን። የአገር ዕውቀት ትልቅ ነገር ነው፤ ትልቅነቱ ግን ጠያቂ ሲያገኝ ይበልጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማን አስቢ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። እንዶድን እንደ ሳሙና ሴቶቹ ከጥንት ያውቁታል። እሳቸው ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ይሄ ነገር በሽታውን ሊያቆም ይችል ይሆን ብለው ጠየቁ። ከዚያ ወዲያ ስንት ይበቃል፣ ዓሣውን ምን ያደርጋል፣ ሰውን ይጎዳል ወይ እያሉ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓመታት ፈጁበት፤ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አብረው ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ከወንዙ ዳር እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት። ያውም እንዶድ በአፍ ከተወሰደ መርዝ ነው፤ ልብስ ስለሚያነጻ ሆድም ያነጻል ብሎ የጠጣ ሰው ተጎድቷል። ስለ ጦስኝም ያ ጥያቄ ገና እየተጠየቀ ነው። እስኪመለስ ድረስ በልጅሽ ራስ ላይ አትፈትኚው።

እሺ፣ ምን ላድርግ ካልሽኝ። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ለራስ ጭርት የሚሰጠው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግሪሶፉልቪን ይሰጣሉ። በደም በኩል ሄዶ አዲስ በሚበቅለው ፀጉር ውስጥ ይገባና ፈንገሱ መብያ ያጣል። ለዚህ ነው ጊዜ የሚፈጀው፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። መጠኑ በክብደቱ ስለሚሰላ ሳይመዝኑት ከሰጡሽ «ይመዘንልኝ» በይ። በባዶ ሆድ አትስጪው፤ ቅባት ካለበት ምግብ ወይም ከወተት ጋር ሲሆን ነው ሰውነቱ በደንብ የሚወስደው። ሌላ የሚወስደው መድኃኒት ካለ፣ ጉበቱን አሞት የሚያውቅ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪ። ቁስሉ ካበጠና እንደ እባጭ ለስልሶ መግል ከያዘ ደግሞ አታፍርጪው፣ አታስቀድጂውም፤ እሱ ሰውነቱ ፈንገሱን ሲዋጋ የሚመጣ ነው፣ ቶሎ ካልታከመ ፀጉሩ ለዘለዓለም የማይበቅልበት ጠባሳ ይተዋል። ያኔ ከጤና ጣቢያው ሪፈር አጽፈሽ ቆዳ ሐኪም ጋ ነው። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ከእ.ኤ.አ. 1965 ጀምሮ ቆዳ የለመደ ሆስፒታል ነው፤ ሥጋ ደዌ ብቻ የሚታከምበት አድርገው የሚያስቡ ሰዎችን አትስሚ።

ደግሞ ከጎረቤት ተውሰሽ ያስቀመጥሻትን ያቺን ቱቦ አምጪያት። ይኸው፣ ክሎቤታዞል ይላል። ማሳከኩን ታስታግሳለች፣ ቅላቱን ታጠፋለች፣ «ተሻለው» ያሰኛል። ከሥር ግን የቆዳውን መከላከያ ስለምታስተኛ ፈንገሱ በነፃነት ይሰፋል። ስትተዪው ከበፊቱ ብሶ፣ ቅርጹን ለውጦ ይመጣል፤ ሐኪም እንኳ አይቶ ይሳሳትበታል። ፊት ለማቅላት እያሉ በየሱቁ የሚሸጧቸው ብዙዎቹ እንዲህ ያለ መድኃኒት የተቀላቀለባቸው ናቸው። ይህንን ከጦስኙ ይልቅ እፈራዋለሁ። ጣያት።

የባልሽ ደረት ላይ ያለው ቋቁቻ ሌላ ነው፣ እሱን አትደባልቂው። ያኛው ላይ ላዩን ስለሆነ በቅባት ይታከማል። ግን ፈንገሱ ሞቶም ቆዳው ቀለሙን እስኪመልስ ወራት ይፈጃል። አልጠፋም ብሎ በየሳምንቱ አዲስ ነገር እንዳይቀባ ንገሪው።

ስለ ጦስኝ የሚወራውን አንቲኦክሲዳንትስ ረሳሽው ብለሽ እንዳትቀየሚኝ። ይህን ቃል ሁሉም ይጠራዋል፤ ሻይ ሻጩም፣ ሬዲዮውም። ምን ማለት እንደሆነ ከመጽሐፍ ይልቅ ቅቤ ይነግርሻል። ቅቤ ክፍቱን ስታስቀምጪው ሽታው የሚለወጠው፣ የሚጎመዝዘው አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ቅባቱን ስለሚበላው ነው። ቅቤ ስታነጥሪ ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ የምትጨምሪው ለሽታው ብቻ ይመስልሻል? ቅጠሎቹ ውስጥ ያሉት ነገሮች ለኦክስጅኑ ራሳቸውን አሳልፈው እየሰጡ ቅባቱን ያቆዩታል። የአያቶቻችን የተነጠረ ቅቤ ከዓመት ዓመት የሚደርሰው አንድም ውሃው ስለወጣ፣ አንድም ስለዚህ ነው። ጦስኝም ይህን ኃይል በብዛት አለው። ላብራቶሪ ውስጥ ዲፒፒኤች የሚባል ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ፈሳሽ ላይ ያንጠባጥቡታል፤ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ሲለወጥ አንቲኦክሲዳንት አለው ይላሉ። የጦስኝ ጭማቂ ሲገባበት ቶሎ ቢጫ ይሆናል። የሚያምር ነገር ነው።

ግን እሱም ብልቃጥ ውስጥ ነው። ብልቃጥ ውስጥ ቀለም የለወጠ ሁሉ ሰው ውስጥ ዕድሜ አይቀጥልም። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች ላይ የተደረገ ትልቅ ጥናት ነበር፤ ቤታ ካሮቲን የሚባለውን፣ ካሮት ውስጥ ያለውን አንቲኦክሲዳንት፣ በክኒን መልክ ለዓመታት ሰጧቸው። ካንሰር ይከላከላል ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ ሲወጣ የሳንባ ካንሰር ቤታ ካሮቲኑን በወሰዱት ላይ በ18 ከመቶ በልጦ ተገኘ። ካሮት መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ከምግቡ ለይተው፣ አጉልተው፣ ለሰው ሲሰጡት ነገሩ ሌላ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ አክስታችን ለካንሰሯ ሐኪም የሰጣትን ትታ ጦስኝ እንድትጠጣ የሚመክራት ሰው ካለ ተቆጪው፣ እኔንም ጥሪኝ።

ሻዩን ግን ጠጪ! ማን ከለከለሽ? ጉንፋን ሲይዛችሁ፣ ብርድ ሲሆን፣ ልጁም ጭምር። ወጥ ውስጥ፣ ሽሮ ውስጥ፣ በርበሬ ስታዘጋጂ ጨምሪበት። እዚያ መቶ ዓመታት የተፈተነ ነው፤ በምግብ ልክ ሲሆን ሰው አልጎዳም። ብቻ እርጉዝ ከሆንሽ ወይም አባባ እንደሚወስዱት ያለ የደም ግፊት መድኃኒት ላይ ካለሽ፣ አድርቀሽ አወፍረሽ እንደ መድኃኒት በቀን ሦስት አራት ኩባያ አትጠጪ፤ ከቁርስ ጋር አንድ ስኒ ሌላ ነገር ነው። በርበሬውንም ካነሳሁ አይቀር፣ ሻጋታ የጀመረውን በርበሬ ጦስኝ ጨምረሽ አታስፈጪ። ጦስኙ ሻጋታው አዲስ እንዳያድግ ይከላከል ይሆናል፤ ሻጋታው ትቶት የሄደውን አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ግን ጦስኝም፣ እሳትም አያጠፉትም። ያ ጉበት ላይ ነው የሚሄደው። በርበሬሽ ከመፈጨቱ በፊት ደርቆ ይንኮሻኮሽ፣ የጠቆረውን ለይተሽ ጣይ።

ስትገዢም ሥሩን ተመልከቺ። ይህ ያመጣሽው ከነሥሩ የተነቀለ ነው፤ አፈሩ አለበት። ጦስኝ ቅጠሉ ሲታጨድ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ሲነቀል ግን ያ መሬት ራቁቱን ይቀራል። ደጋው ላይ በዚህ ምክንያት እየሳሳ የሄደበት ቦታ ብዙ ነው። «የታጨደ ነው የምፈልገው» በያት ሻጯን፤ ሁላችን ካልናት ለአምጪው ትነግረዋለች።

በይ ተነሺ፣ አሁን ያለውን ሥራ እንሥራ። ማበጠሪያውን አምጪና በፈላ ውሃ እንዘፍዝፈው፤ ከዛሬ ጀምሮ ለብቻው ይኑረው። የትራስ ልብሱን፣ ሻርፑን፣ ኮፍያውን በሙቅ ውሃ እጠቢና ፀሐይ ላይ አስጪ። ታናሺቱን ጥሪያት ራሷን ልየው፤ አብረው ስለሚተኙ ነገ እሷም ትታይ። ይህ ግቢ አንድ ቧንቧ፣ አንድ በር፣ አንድ ኳስ ነው፤ የጎረቤት እናቶችም ሳያፍሩ የልጆቻቸውን ራስ ይዩ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ። ጭርት የቆሻሻ ሰው በሽታ አይደለም፣ ከልጅ ልጅ የሚተላለፍ ነገር ነው። መንገዱ ዳር ያለው ፀጉር ቆራጭ ጋም አልፋለሁ፤ ማሽኑን ከልጅ ልጅ በአልኮል እንዲጠርግ እለምነዋለሁ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ይሰማል። ሐኪሙ ስምንት ሳምንት ካለሽ ስምንት ሳምንት ቁጠሪ፤ በአራተኛው ሳምንት ፀጉሩ ብቅ ብቅ ሲል ድኗል ብለሽ እንዳታቋርጪበት፣ አደራ።